ሹራብ በሮቢት ሙቀት

ኸድርን ተጠራጣሪ ያደረገው ውሃ ነው ይላሉ የሰፈሩ ሰዎች። ሚስቱ ሐምዲያ ግን በዚህ አትስማማም። "ኧረ ወዲያ! ውሃው ምን አደረገ? ሲወለድም አዋላጇን በጎሪጥ እያየ ነው የወጣው" ትላለች። እሷ አብራው ሃያ ዓመት ስለኖረች ከእኛ ይልቅ እሷን ማመን ይሻላል።

ኸድር የውሃ አባት ነው። ከሸዋ ሮቢት ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ በሚመጣው ቦይ ሽንኩርትና ማሾ የሚያለሙት ገበሬዎች ውሃውን በተራ በተራ እንዲያደርስላቸው መርጠውታል። የመረጡት ወደውት እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ደግ ሰው መርጠው ነበር፤ ደጉ ሰው "ወንድሜ እንዲህ አያደርግም" ሲል ውሃው ታች ሳይደርስ መንገድ ላይ አለቀ። ሽንኩርቱ በቁሙ ደረቀ። ከዚያ በኋላ በተሰበሰበው ጉባኤ አንድ ሽማግሌ ተነስተው "እባካችሁ፣ ማንንም የማያምን ሰው ፈልጉልን" ቢሉ፣ ሕዝቡ ሁሉ እንደ ተማከረ ወደ ኸድር ዞረ። ኸድር አላፈረም። እንዲያውም ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ቀና አለ።

እውነት ለመናገር ለሥራው የተፈጠረ ሰው ነው። ውሃ ሲጎድል ማንንም አይጠይቅም። "ሰውን ከጠየቅከው መልስ አያጣም፤ ጭቃውን ነው ማየት" ይላል። ሱሪውን ይጠቀልልና አካፋውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቦዩን ከታች ወደ ላይ ይከተላል። እርጥብ መሆን የሌለበት ትልም ካገኘ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ይነካል፤ የዛሬ ጭቃ ይሁን የትናንት ለይቶ ያውቃል። የእግር ዱካ ካለም ዱካውን ይዞ ከባለቤቱ ደጅ ድረስ ይሄዳል። እዚያ ደርሶ አይጮኽም፣ አይሳደብም። "አሰላሙ አለይኩም" ይልና የሰውየውን እግር ቁልቁል ያያል። ሰውየው ራሱ መለፍለፍ ይጀምራል።

ይህ ጠባይ ለቦይ መልካም ነው። ለቤት ግን፣ አላህ ያውቃል፣ መከራ ነው። ሐምዲያ ጎረቤት ሄዳ ትንሽ ከቆየች የጫማዋን አቧራ ያያል። ምጣድ ልትዋስ የመጣች ሴት በሩ ላይ ጥቂት ካንሾካሾከች ቀኑን ሙሉ ሲያብሰለስለው ይውላል። ሐምዲያ ለምዳዋለች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ትስቃለች። ያልሳቁት ሴት ልጆቹ ናቸው።

የመጀመሪያዋ ፈይዛ ትባላለች። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለች፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር እኩሌታ ላይ አንድ ቀን ከቤት ወጥታ ቀረች። ደላላ ወሰዳት። መጀመሪያ ከጅቡቲ፣ ከብዙ ወር በኋላ ደግሞ ከሳውዲ ደወለች። ከመሄዷ በፊት ከትምህርት ቤት እያመሸች ትመጣ ነበር፤ እናቷ የት ቆየሽ ስትላት "ቱቶሪያል ነበረን" ትላለች። ኸድር ይህን ቱቶሪያል የሚሉትን ነገር አላመነውም። አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ ወንዶችም ሴቶችም በተቀመጡበት፣ እጇን ይዞ ከክፍል አወጣትና እየጎተተ ወደ ቤት አመጣት። ሳምንት ሳይሞላ ጠፋች። "አላልኳችሁም?" አለ ኸድር በለቀስተኛው ፊት። ልጁን አጥቶ አንጀቱ እየነደደ፣ ጥርጣሬው ልክ ስለነበረ ግን በሆዱ አንዲት ጠብታ እርካታ አልጠፋችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት አንድ ሕግ ወጣ፤ ትምህርት ሲያልቅ ቤት። ቱቶሪያል የለም፣ ክለብ የለም፣ ማምሸት የለም።

ሁለተኛዋ ሒክማ ናት። ዘንድሮ እሷም ስምንተኛ ክፍል ገባች።

ትምህርት ቤቱ ደግሞ ዘንድሮ ዐረፍ የሚል አልሆነም። መስከረም ላይ ግማሹ ተማሪ ማማ ላይ ወጥቶ ማሽላውን ከወፍ ሲጠብቅ፣ መምህራኑ ማሳ ለማሳ እየዞሩ "ልጆቹን አውርዱልን" ብለው ለመኑ። ልጆቹ ሲመለሱ ያለፋቸውን ለማካካስ የቅዳሜ ትምህርት ተጀመረ። ከዚያ ለክልል ፈተና ማጠናከሪያ መጣ፣ መረብ ኳስ መጣ፣ ጥያቄና መልስ መጣ። ሚኒ ሚዲያው በድምፅ ማጉያ ሲለፈልፍ ቦዩ ድረስ ይሰማል። ኸድር አካፋውን ተደግፎ ያዳምጥና "ይሄ ትምህርት ነው ወይስ ሰርግ?" ይላል።

ከሁሉ በላይ ያልጣመው አዲሱ የሳይንስ መምህር ነው፤ አብዱልወሃብ ይባላል። ወጣት ነው፣ ቀጭን ነው፣ ስልኩ ከጆሮው አይለይም፤ ዘመዱ ማን እንደሆነ በሮቢት የሚያውቅ የለም። መስከረም መጨረሻ ላይ ወደ ኸድር መጥቶ "ጋሼ፣ የግብርና ክለባችን ለሠራው ትንሽ የሽንኩርት መደብ የውሃ ተራ ይስጡን" ብሎ ጠየቀ። ኸድር አርብ ከጁምዓ በኋላ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ከተጠቃሚው ሁሉ ተራውን አንዴም ሳይሰብር፣ ከልኩ በላይ አንድ ቅምጫና ውሃ ሳይወስድ የከረመ ትምህርት ቤቱ ብቻ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን ይመርቃል። ኸድር ግን ይሄ ነገር አሳሰበው። "ምንም የማይሰርቅ ሰው ምን ደብቆ ነው?" አለ ለሐምዲያ።

"ሱብሃነላህ! ቢሰርቁ ሌባ፣ ባይሰርቁ ሌባ" አለችው።

"ሳቂ አንቺ።"

ጥቅምት ሲገባ ሒክማ ማምሸት ጀመረች። ለእናቷ የምትናገረውን ኸድር ከጓሮ ሆኖ ይሰማል፤ አክስቷ ቤት ቁርኣን ስትቀራ ቆየች ነው የሚባለው። እግሯን ግን አየ። በጣቶቿ መካከል የደረቀ ጭቃ አለ። የአክስቷ ሰፈር አሸዋ ነው። ይሄኛው ጥቁርና የሚያጣብቅ የታችኛው ቦይ ጭቃ ነው፣ አስፋልቱ ድልድይ አጠገብ ያለው። በዚያ ድልድይ ላይ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ የሚወጡት መኪኖች ይቆማሉ። ፈይዛም የተሳፈረችው ከዚያው ነው። ትምህርት ቤቱም ከዚያው ከድልድዩ አጠገብ መሆኑ ለኸድር ትዝ አላለውም፤ ወይ ትዝ ብሎት ምንም አልመሰለው ይሆናል። ሆዱ አንዴ ከጠረጠረ ዓይኑ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚያየው።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ምልክት ሆነበት። ሒክማ በእናቷ ስልክ በኢሞ ከፈይዛ ጋር ስታወራ ትስቃለች፤ እሱ ሲገባ ሳቋ ይቆማል። ድሮ ደብተር አለቀብኝ፣ እስክሪብቶ ጠፋብኝ ትል የነበረች ልጅ አሁን ምንም አትጠይቅም። ሊሄድ የተነሳ ሰው ምን ይጠይቃል? ምግብ ስትበላ ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው። አንድ ምሽት ደግሞ ድንገት ቀና ብላ "አባ፣ ሁለት ሰዎች ባንድ ተራ ቢጣሉ ማንን ታስቀድማለህ?" አለችው። ኸድር ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ። ይቺ ልጅ ስለ ውሃ ጠይቃው አታውቅም። ልታዘናጋኝ ነው አለ በልቡ፤ "አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ" ብሎ ዘጋት። ልጅቷ አቀረቀረች።

"ለምን እንደምታመሽ ራሷን አትጠይቃትም?" አለችው ሐምዲያ ማታውኑ።

"ከጠየቅኳት ትነቃለች።"

"ልጅህ እኮ ናት፣ ዝንጀሮ አይደለችም!"

እሱ ግን አልሰማም።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ማሽላው ታጭዶ ሜዳው ሲገለጥ፣ ኸድር ማሳ ውስጥ የሚያነጥፈው ሸራ ፈልጎ የማሾውን ጆንያ ፈቀቅ ሲያደርግ ከሥሩ አንድ ፌስታል አገኘ። ፈታው። ሹራብ ነው። አንገቱ ድረስ የሚዘጋ፣ ወፍራም፣ ቡና ዓይነት የሱፍ ሹራብ። የሰው ሣጥን ሽታ አለው። ኸድር ሹራቡን በሁለት እጁ ይዞ ቁጭ አለ።

እንግዲህ ሮቢትን ለማያውቅ ልንገር። ሮቢት ፍየል እንኳ ከረፋድ ጀምሮ ጥላ የምትሻማበት አገር ነው። ሰዉ ነጠላ ከብዶት ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ነው የሚሄደው። በሮቢት ሹራብ የሚፈልግ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወባ የያዘውና መንገድ የተነሳ። ሒክማን ደግሞ ወባ አልያዛትም። ሹራብ ማለት ሽቅብ መውጣት ማለት ነው፤ ሽቅብ ደብረ ሲና ነው፣ ከደብረ ሲና አዲስ አበባ ነው፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ አውሮፕላን ነው። አሁን ደላሎቹ ፓስፖርት ያወጣሉ ሲባል ሰምቷል። ያቺ በእግሯ በረሃ የገባችው ፈይዛ ሹራብ እንኳ አልያዘችም ነበር። ይቺኛዋ ተዘጋጅታለች።

ላብ በጀርባው ወረደ። መጮህ አማረው፣ ማልቀስ አማረው። "ያ ረብ፣ ሁለተኛዋን አትውሰድብኝ" አለ ድምፁን አውጥቶ። ከዚያ ሹራቡን በነበረበት እጥፋት አጠፈና መልሶ ከጆንያው ሥር ከተተው። ለሐምዲያም አልነገራትም። እሷ ሞኝ ናት፣ ልጅቷን ትጠይቃታለች።

በማግስቱ ዱካውን ይዞ ከታች ወደ ላይ ጀመረ። መጀመሪያ የሄደው ድልድዩ ጋ ባጃጁን አቁሞ ተራ ወደሚጠብቀው ፈይሰል ነው። ፈይሰል የሰፈር ልጅ ነው፤ ወሬ ካገኘ መንገደኛ ይረሳል።

"ጋሼ ኸድር! ምነው ዛሬ ከቦዩ ወጡ? ውሃው ጠፋ?" አለው እየሳቀ።

"ሒክማን አድርሰህ ታውቃለህ?"

"ቅዳሜ ዕለት እዚሁ አምጥቻታለሁ። ጀሪካን ነገር ይዛ ነበር።"

"ብቻዋን?"

"ከመምህር አብዱልወሃብ ጋር። ሌሎችም ልጆች ነበሩ።" ፈይሰል ወሬው እየጣመው ወደፊት ጠጋ አለ። "ያ መምህር እኮ ሚኒባስ ፈልግልኝ ብሎኝ አገኘሁለት። ለሐሙስ ንጋት።"

"ወዴት ነው?"

"ወደ ላይ፣ ደብረ ሲና። ልጆች ናቸው የሚሄዱት፣ ሴቶቹ ይበዛሉ።"

ኸድር የፈይሰልን ባጃጅ የጎን ብረት ጨብጦ ያዘ። "ለምን ጉዳይ?"

"እኔ ምን አውቄ ጋሼ? መምህሩ ያለው እዚያው ነው፣ ይጠይቁት እንጂ።"

ከባጃጁ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። በአጥሩ ቀዳዳ መምህሩ ይታያል፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወዲያ ወዲህ ይላል። ኸድር ረዘም ላለ ጊዜ አየውና ዞሮ ሄደ። አልጠየቀውም። ሌባን ምን ብሎ ይጠይቀዋል?

ሐሙስ ሱብሂ እንደተሰገደ ሒክማ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ፌስታሉ ከጆንያው ሥር የለም። ኸድር አካፋውን አነሳና ራቅ ብሎ ተከተላት። ቦዩን ትታ የአስፋልቱን መንገድ ስትይዝ እርምጃውን አፈጠነ።

ሚኒባሱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ልጆች ጭነት ያቀብላሉ፤ ሒክማ ሹራቡን ለብሳለች። መምህር አብዱልወሃብ በሩን ይዞ "ግቡ፣ ግቡ፣ እንዳይረፍድብን" ይላል። ኸድር ሌላ ነገር አላየም። ሮጦ ከሚኒባሱ ፊት ቆመና አካፋውን አስፋልቱ ላይ ደለቀው።

"ደላላ!" ብሎ ጮኸ። "ኧረ የሰው ያለህ! ደላላ ልጆቻችንን ጭኖ ሊሄድ ነው!"

ያቺ ቃል በእኛ አገር ምን እንደምታደርግ የሚያውቅ ያውቃል። ልጁ በባሕር የቀረችበት ስንት ቤት አለ! ድልድዩ ላይ መኪና የሚጠብቀው፣ ወደ ገበያ የሚሄደው፣ ዳቦ የሚሸጠው፣ ሁሉም እየሮጠ መጣ። አንዷ ሴትዮ ጭንቅላቷን ይዛ ኡኡ አለች። መምህሩ "ኧረ ጋሼ፣ ምን ሆነዋል? እኔ እኮ..." ከማለቱ አንዱ ከኋላ ኮሌታውን ያዘ፣ ሌላው በጥፊ መታው፣ አንድ ጎረምሳ ድንጋይ አነሳ። ኸድር ሒክማን ከመኪናው ጎትቶ አወረዳት። አንጓዋን የጨበጠው ቦይ የሰበረ ሌባን ሲይዝ እንደሚያደርገው ነው።

"አባ፣ ተወው! ውድድር ነው! አባ ውድድር ነው!" ትላለች ልጅቷ።

ማን ይሰማታል? በኋላ ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ዘነበች ነጠላዋን እየጣለች ደረሰች። ወፍራም ናት፣ ድምፅም አላት፤ በሕዝቡ መሃል በክርኗ ሰንጥቃ ገባችና መምህሩ ፊት ቆመች። ድንጋይ የያዘውን ጎረምሳ በስሙ ጠራችው። አስተምራዋለች፤ ድንጋዩ ከእጁ ወደቀ።

"ጋሼ ኸድር፣ ምን ያዩት ነገር አለ?" አለች እያለከለከች።

"ሹራብ! ሹራብ አስለብሶ ወዴት ነው የሚወስዳት?"

ወይዘሮ ዘነበች ሹራቡን አየችና ወደ እሱ ዞረች። "ደብረ ሲና ነዋ። ደብረ ሲና እኮ ብርድ ነው። ልጆቹ እዚያ ሲንቀጠቀጡ መናገር እንዳያቅታቸው ሹራብ ፈልጉ ያልናቸው እኛ ነን። የትምህርት ቤቶች የክለብ ውድድር አለ፤ ውለው ማታ ይመለሳሉ።" የመኪናውን የኋላ በር ከፈተችው። የሽንኩርት ችግኝ የተተከለበት ሣጥን አለ። ከጎኑ በጣውላና በሸክላ አፈር የተሠራ ትንሽ ቦይ አለ፣ ከነመክፈቻው፣ ከነትልሙ። "ይሄንን ያቆመችው ማን መሰለዎት? የክለቡን ተራ ከመስከረም ጀምራ የምትጠብቀው ሒክማ ናት። ልጆቹ የውሃ እናት ነው የሚሏት። ዛሬ ዳኞቹ ፊት የምታስረዳው እሷ ነበረች።"

ከሕዝቡ መሃል አንዱ ሳቀ። ከዚያ ብዙዎቹ ሳቁ፤ የተደናገጠ ሰው እንደሚስቀው። መምህሩን የመታው ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቶ ሹልክ አለ። አብዱልወሃብ የተቀደደ ኮሌታውን በእጁ እንደያዘ፣ ከከንፈሩ ደም እየጠረገ፣ ማንንም ሳያይ መኪናው ውስጥ ገባ።

ኸድር አንጓዋን ለቀቀ። "እንግዲህ... ውድድር ከሆነማ ሂጂ" አለ።

ሒክማ አልሄደችም። ሹራቡን በጭንቅላቷ ላይ አወለቀችና አጥፋ ለጓደኛዋ ለኢክራማ ሰጠቻት። "አንቺ ንገሪያቸው፣ ታውቂዋለሽ" አለቻት። ኢክራማ ማልቀስ ጀመረች፤ ሒክማ አላለቀሰችም። ከክፍል ጓደኞቿም፣ ከመንገደኛውም፣ ከፈይሰልም ፊት አንገቷን ደፍታ አለፈችና ወደ ቤት መንገድ ጀመረች። ሚኒባሱ ትንሽ ጠበቃት። ከዚያ ያለ እሷ ሄደ።

ቤት ስትደርስ የእናቷን ስልክ ይዛ ጓሮ ቆየች፤ ከዚያ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ምሳ አልበላችም። ሐምዲያ ነገሩን ከጎረቤት ሰምታ ስትመጣ ኸድር ደጃፍ ተቀምጧል።

"ሹራቡን ከጎረቤታችን ሣጥን የተዋስኩላት እኔ ነኝ!" አለች። በሕይወቱ እንዲህ ስትጮህ ሰምቷት አያውቅም። "እኔ ነኝ! ለአንተ ብንነግርህ ታስቀራታለህ ብለን ደበቅን፤ አክስቷ ቤት የተባለውም አንተ እንድትሰማው ነው። እኔን አንድ ቃል ብትጠይቀኝ ምን ነበረ? አንድ ቃል!"

"ዋሽታችሁኛል" አለ ኸድር ቀስ ብሎ።

"አዎ ዋሸንህ። በዚህ ቤት እውነት ተናግሮ ማን ታመነ?"

መግሪብ ተሰግዶ ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ። ፈይዛ ናት፤ ከአሠሪዎቿ ቤት በዚህ ሰዓት ነው የምትደውለው። ሐምዲያ ልታነሳ ስትል ኸድር እጁን ዘረጋ። ለወትሮው ስልኩ ለእሱ ሲሰጠው "ደህና ነሽ? አልሃምዱሊላህ" ብሎ ይመልሳል። ዛሬ ግን ይዞት ወደ ጓሮ ወጣ።

"አባ?" አለች ፈይዛ፤ ደነገጠች።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው።" ጉሮሮውን ጠራረገ። "ያኔ... ቱቶሪያል ነው ስትይ የነበረው፣ እውነትሽን ነበር?"

ከዚያኛው ጫፍ የሆነ ሕፃን ያለቅሳል፤ የእሷ ልጅ አይደለም፣ የምታሳድገው የሰው ልጅ ነው።

"ሒሳብ ነበር አባ" አለች በመጨረሻ። "ሒሳብ ይከብደኝ ነበር።"

"ደላላውስ?"

"ደላላውን ያገኘሁት ከክፍል ካወጣኸኝ በኋላ ነው። ወንዶቹ ሁሉ ሳቁ። ተመልሼ እዚያ ክፍል መግባት አቃተኝ፤ በር ላይ ደርሼ ሁለት ቀን ተመለስኩ። ድልድዩ ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ ነው ያገኘኝ። ምን ሆነሽ ነው ብሎ ጠየቀኝ።"

ኸድር በቁሙ ግንቡን ተደገፈ። ሦስት ዓመት ሙሉ "አላልኳችሁም" ሲል የኖረባት ቃል አፉ ውስጥ መረረችው።

"አባ፣ አለህ?"

"አለሁ።"

"ሒክማ ዛሬ ረፋድ ላይ ደውላልኝ ነበር።" ፈይዛ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "የሰውየውን ስልክ ስጪኝ አለችኝ። የደላላውን።"

"ሰጠሻት?"

"ወላሂ አልሰጠኋትም። ተቆጣኋት፣ ለመንኳት። ግን አባ፣ ደላላ ፍለጋ እኔ ጋ መደወል አያስፈልጋትም፤ እዚያው ድልድዩ ላይ ሞልቷል። እስከ ዛሬ አስባው አታውቅም ነበር። እኔ ስለዚህ አገር ሳወራላት እንኳ አትሰማኝም ነበር፣ ስለ ሽንኩርት ነበር የምታወራልኝ። ዛሬ ነው ያሰበችው።"

ሌላም ብዙ ተነጋግረው ይሆናል፤ ኸድር ያስታወሰው ይህንን ብቻ ነው።

ሲነጋ ደጃፍ ተቀምጦ ጠበቃት። በሩን ሊዘጋባት አስቦ ነበር። ቀወት ገጠር ወዳለው አጎቷ ቤት ሊወስዳት አስቦ ነበር። አብሯት እስከ ክፍል ሊሄድም አስቦ ነበር። እያንዳንዱን ባሰበ ቁጥር የፈይዛ ድምፅ ይመጣበታል።

ሒክማ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ዓይኗ አብጧል። ኸድር በልማዱ ቦርሳውን አየ። ሞልቷል፤ ደብተር ይሁን ልብስ ከውጭ አይታወቅም። እጁ ሊነሳ ሲል በሌላኛው እጁ ያዘው።

"አፉ በይኝ ልጄ" አለ። "በድዬሻለሁ። እህትሽንም በድያታለሁ።"

ሒክማ መሬት መሬት አየች። "ዛሬ አመሻለሁ" አለች።

"እሺ።"

ቀና ብላ ጠበቀች። የት? ከማን ጋር? እስከ ስንት ሰዓት? የሚለው መምጣቱ አይቀርም ብላ ነው። ኸድር አልጠየቃትም፤ እግሩን ሰብስቦ አሳለፋት። ልጅቷ ተራምዳ ከግቢው ወጣች።

ማሽላው ታጭዷልና ከዚያ ደጃፍ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሁሉም ወለል ብሎ ይታያል። መንገዱ አስፋልቱ ላይ ሲደርስ ሁለት ይሆናል፤ ወደ ቀኝ ትምህርት ቤቱ ነው፣ ወደ ግራ መኪኖቹ የሚቆሙበት ድልድዩ። ሒክማ ቦዩን ተሻገረች፣ የታጨደውን ማሳ አጋመሰች፣ አስፋልቱ ጋ ደረሰች። ኸድር በዚህ ጊዜ ከተቀመጠበት ተነሳ፤ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጠና ፊቱን ወደ ቤቱ ግድግዳ አዞረ።

ሐምዲያ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች። "ወዴት ታጠፈች?" አለች።

"አላየሁም" አላት።